የዳማ ግንባር

ዳማን እየገፋሁ ወደ እትዬ ቦጋለች ግቢ ስገባ ዘጠና ሰባት ጊዜ ጠፍቶ ነበር። መቶ ሲሞላ ይቀልጣል። የ2071 ዓ.ም. ደንብ አያሻማም፦ በአንድ ዓመት ውስጥ ሳይታዘዝ መቶ ጊዜ በራሱ የጠፋ ሞተር “አርጅቷል” ተብሎ ይቆለፋል፤ በማግስቱ የጭነት መኪና መጥቶ ወደ ማቅለጫ ይወስደዋል። ባለቤቱ ፊርማ እንኳን አይጠየቅም፤ ሴንሰሩ ቀድሞ ፈርሞለታል።

ዳማ ሞተር ሳይክሌ ነው። ቀለሙ ዳማ ፈረስ ስለሚመስል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል። ከሚስቴ ጋር የኖርነው ስድስት ዓመት ነው፤ ከዚህ በላይ እንድናገር አታድርጉኝ።

ኬብሮን እባላለሁ። የምሠራው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ የሙዝ መጋዘን ውስጥ ነው። ሥራዬ መስማማት ነው። ሴንሰሩ “ይህ ሙዝ ጥሬ ነው” ሲል ጥሬ ነው ብዬ ቁልፉን እጫናለሁ፤ “በስሏል” ሲል በስሏል ብዬ እጫናለሁ። አንድ ቀን እጄ ላይ ጠቁሮ የፈረሰውን ሙዝ “ጥሬ” አለው፤ ጣቴን በሱሪዬ እየጠረግሁ ጥሬ ነው ብዬ ተጫንኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ጠዋት ስነሳ ፍራሼ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ይነግረኛል፤ ዓይኔ ሳይከደን ባድርም ስምንት ሰዓት ተኝተሃል ካለኝ ተኝቻለሁ። ወጥ ላይ ጨው ልጨምር ስል ድስቱ ይጮህብኛል። ባለፈው ዓመት ጉልበቴን አሞኝ ጤና ጣቢያ ብሄድ አንድ ምንጣፍ ላይ አቆሙኝና “አላመመህም” ብለው መለሱኝ፤ እያነከስኩ ወጣሁ። የመጋዘናችን በር ላይ “ሰው ይረሳል፤ ሴንሰር አይረሳም” የሚል ተጽፏል። የሰፈር ልጆች እንኳን ዛሬ ዛሬ ሲምሉ “ሴንሰር ይሙት” ነው የሚሉት።

ታዲያ አንድ አሮጌ ሞተር ቢቀልጥ ምን ይጠበስ ትሉ ይሆናል። እናቴ አለች። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከጨንጫ ወዲያ፣ ተራራው ላይ፣ ብቻዋን ትኖራለች። ነይ ውረጂ ስላት “ሬሳዬን ታወርዳለህ” ትለኛለች። ወደ እሷ የሚወጣው መንገድ የኔትወርክ መረብ የለውም፤ አዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ መረብ ከሌለ ንቅንቅ አይሉም። በዚያ መንገድ እንዲሄዱ የሚፈቀድላቸው እንደ ዳማ ያሉ አሮጌዎች ብቻ ናቸው፤ ያውም በቀን ብቻ፣ ማደር ክልክል ነው። እንደ ዳማ ያለ ሞተር መሠራት ካቆመ ዘመን ሆኖታል። በእግሬ ልውጣ ብል ያ “አላመመህም” የተባለው ጉልበቴ አለ። ዳማ ከቀለጠ እናቴን ዳግመኛ አላያትም ማለት ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በሽታው እንዲህ ነበር። አንዳንድ ጠዋት አልነሳ ይላል። ለምኜው፣ ተቆጥቼው፣ ሲነሳ ደግሞ ሚኒሞው አይቆምም። ሚኒሞ ማለት ጋዝ ሳትሰጠው ባለበት ቆሞ የሚተነፍስበት ልክ ነው። የእኔው ጉድ ግን ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ትን ይለዋል፣ ድፍት! ቆጣሪው ላይ አንድ ይጨመራል። ደግሜ አስነሳዋለሁ፤ ድፍት፤ ሁለት። ከዚያ ረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ምንም እንዳልነካው ሰው ብድግ ብሎ ይሠራል። ምርመራ ጣቢያ ሳደርሰው ደግሞ ጤነኛ ነው።

ሦስት ኮድ አንባቢዎች አዩት። ኮድ አንባቢ ማለት የዛሬ ዘመን መካኒክ ነው፤ እጁ ግራሶ አያውቅም። የመጀመሪያው ሽቦ ሰክቶ የዳማን ሃያ ሁለት ሴንሰሮች አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ ሃያ ሁለቱም “ደህና ነኝ” አሉት። ሁለተኛውም ይህንኑ ደገመ። ሦስተኛው ፈገግ ብሎ፣ “አባቴ፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም። የሚያጠፉት እርስዎ ነዎት” አለኝ። እኔ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳሁት ሰውዬ! ምራቄን ውጬ ወጣሁ።

ስለ እትዬ ቦጋለች የነገረኝ የመጋዘናችን ዘበኛ ነው። “እሳቸው ሴንሰር ከመጠየቃቸው በፊት ሰው ይጠይቃሉ” አለኝ። ሲቀላ ውስጥ መካኒክ የሚለውን ስም የያዙ አንድ እሳቸው ቀርተዋል። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አጭር ናቸው፤ ሻሻቸው ውስጥ ካቻቢቴ ሰክተው ይዞራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ችግሩን ላሳያቸው ብዬ ማስነሻውን ልጫን ስል እጄን በጥፊ መቱኝ።

“ስንት ቀርቶታል?”

“ሦስት።”

“ሦስት ቀርቶት አስነስተህ ልታሳየኝ? ደህና ነህ አንተ ሰውዬ? ዞር በል ከዚያ!”

ዱካ አምጥተው ዳማ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ለእኔ አላመጡልኝም።

“መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?”

“ጠዋት ጠዋት።”

“ሁልጊዜ?”

“አይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ… መሰለኝ።”

“መሰለኝ ይባላል በገዛ ሞተር? እሺ፣ የት ቆሞ አድሮ?”

እዚህ ላይ ዋሸሁ። “ቤቴ ደጃፍ” አልኩ። ለሦስቱም ኮድ አንባቢዎች ያልኩት ይህንኑ ስለነበር ምላሴን አልያዘውም።

ጠዋት የቀየርኩትን፣ ነዳጁን የሚለኩሰውን ካንዴላ በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ ሰጠኋቸው። ፌስታሉን ፈተው አሸተቱት። እንደነገርኳችሁ ሞተሩ የድሮ ነው፤ የሚጠጣው የሸንኮራ ስፒሪት ነው። ካንዴላው እስካሁን እርጥብ ነበር።

“ሰክሯል” አሉ። “ነዳጅ አነሰው እንዳልል ጠግቦ ጠግቦ ታፍኗል። አንዱ ሴንሰር አብዛለት እያለ እየዋሸው ነው። እስቲ የትኛው ውሸታም እንደሆነ እንይ።”

ጥግ ጥጉ የተሰነጠቀ አሮጌ ታብሌት አውጥተው ከዳማ ጋር አገናኙት። መነጽራቸውን አድርገው የዚያን ዕለት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሃያ ሁለቱ ምን ምን እንዳሉ አንድ በአንድ አነበቡ። ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደባቸው። ከዚያ ጠሩኝ።

“ና ወዲህ። ይሄ የአየር መመዘኛው ነው። አየሩ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን ብሎ ለሞተሩ የሚነግር እሱ ነው። እዚህ ሐይቁ ዳር ወፍራም ነው፤ ነዳጁም በዚያው ልክ ይፈስሳል። ተራራ ላይ አየሩ ይቀጥናል፤ ነዳጁም መቀነስ አለበት። ዛሬ ጠዋት ምን አለ? ሐይቅ ዳር ነኝ አለ። አንተም ቤቴ ደጃፍ ነበርኩ ብለሃል። ተስማምታችኋል።”

“አዎ” አልኩ፤ ትንሽ ደስ ብሎኝ።

“ይሄኛው ደግሞ የሙቀት መለኪያው ነው። በዚያው ደቂቃ ስንት ይላል? አንብብልኝ።”

አነበብኩ። ሰባት ዲግሪ ይላል።

“ሲቀላ ሰባት ዲግሪ መቼ ነው የሆነው? እኔ ተወልጄ እስካረጅ እዚህ ጋቢ ደርቤ አላውቅም።”

ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል።

“እነዚያ ልጆች ሴንሰሮቹን የጠየቋቸው ለየብቻ ነው” አሉ እትዬ ቦጋለች። “ሰባት ዲግሪም ያለ ነገር ነው፤ የሐይቅ ዳር አየርም ያለ ነገር ነው። የተጣሉ ባልና ሚስትን ለየብቻ ብትጠይቃቸው ሁለቱም ጨዋ ናቸው። ጎን ለጎን አስቀምጣቸው እንጂ! አሁን ንገረኝ ልጄ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የት ነው የምታድረው?”

ተናዘዝኩ። አርብ አርብ ከሥራ ስወጣ ወደ እናቴ እወጣለሁ፤ በቀን ደርሶ መመለስ ስለማይበቃኝ አድራለሁ፤ ማደር ደግሞ ክልክል ነው፤ ዳማ የሚታመመው እሷ ጋ ባደርንበት ጠዋት ነው። የመንገዱን ፈቃድ ይነጥቁኛል ብዬ ስፈራ የኖርኩ ሰው ነኝ።

እትዬ ቦጋለች ትክ ብለው አዩኝ። “እናትህ ጋ ማደርህን ነው እንዲህ የደበቅኸው? እኔ እኮ ውሽማ ይዘህ መስሎኝ ነበር!” ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው እስኪያስላቸው ድረስ።

እኔም ሳቅሁ፤ ግን አፍሬ ነው። ለካ ሦስት ወር ሙሉ እነዚያን ልጆች ላም ባልዋለበት ኩበት ያስለቀምኳቸው እኔ ነኝ። ዳማም አብሮኝ ሲዋሽ ነበር፤ እኔ ቤቴ ነበርኩ ስል እሱም ሐይቅ ዳር ነበርን ይላል።

ካቻቢቴውን ከሻሻቸው ነቅለው የፊት መብራቱን ሽፋን ፈቱ። የአየር መመዘኛው ከመብራቱ በላይ፣ የሽምብራ ፍሬ በማታስገባ ቀዳዳ በኩል ነው የሚተነፍሰው። ትንሿን ጣታቸውን ቀዳዳው ዙሪያ አዞሩና አውጥተው አዩት። ቢጫ ነው። አሸተቱት። እኔም አሸተትኩት።

“ቅቤ ነው” አሉ። “ሞተርህን ማነው ቅቤ የሚቀባልህ?”

በእኛ አገር፣ በተራራው፣ የተከበረ ሰው አናቱን ቅቤ ይቀባል። እናቴ አርብ አርብ ስደርስ በር ላይ ጠብቃ መጀመሪያ እኔን ትቀባኛለች። ከዚያ ወደ ዳማ ትዞራለች። “እሱስ ልጄን ተሸክሞ ያመጣ አይደል?” ትልና ከመብራቱ በላይ፣ ግንባሩ ነው ብላ ካመነችበት ቦታ ላይ፣ አንድ ጉብ ያለ ቅቤ ታሳርፍበታለች። ከዓመት በፊት የጀመረችው ነገር ነው። ዳማ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ማለት ሲጀምር “ዓይን በልቶታል” አለችና መጠኑን ጨመረች። ባልተነሳ ቁጥር ትጨምራለች።

እትዬ ቦጋለች የቀረውን ራሳቸው ጨረሱት። እዚህ በሲቀላ ሙቀት ቅቤው ይቀልጥና ወደ ቀዳዳዋ ይወርዳል። አርብ ማታ ተራራውን ስንወጣ ብርዱ ፊት ለፊት ይመታውና ይረጋል፤ ቀዳዳዋን ይደፍናታል። የሐይቁ ዳር አየር እዚያው ውስጡ ታፍኖ ይቀራል። ዳማ ጨንጫ ደርሶም አፍንጫው ውስጥ ያለው የአርባ ምንጭ አየር ስለሆነ አርባ ምንጭ ያለ ይመስለዋል፤ እንደ አርባ ምንጭ ይጠጣል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ቅቤውን ስታለሰልሰው ቀዳዳዋ ትከፈታለች፤ እሱም ይነቃል።

“እናትህ ደጃፍ ስትደርስ ማታውኑ ይንተፋተፍ የለ?” አሉኝ።

ይንተፋተፋል። ደክሞት ነው እያልኩ ነበር የማጠፋው። ሃያ ሁለት ሴንሰርና ሦስት አንባቢ በሦስት ወር ያላገኙትን እኚህ ሴትዮ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ሞተሩን አንዴም ሳያስነሱ አገኙት። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ብል “ግራሶ ነው፣ ተው” ብለው ሰበሰቡት።

“በሉ ይጥረጉልኝ” አልኩ። “እናቴንም ሁለተኛ እንዳትቀባው እነግራታለሁ።”

“ትነግራታለህ?”

አንቺ የመረቅሽበት ቅቤ ነው ሲገድለው የኖረው ብሎ ለሰማንያ ሦስት ዓመት እናት መንገር! ከዚያ በኋላ እኔንስ መቀባት ትደፍራለች?

“የእናትን እጅ ከማዛወር የሴንሰርን አፍንጫ ማዛወር ይቀላል” አሉ እትዬ ቦጋለች፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። ቀጭን የጎማ ቱቦ ፈለጉ፣ ቅቤውን ጠርገው ቀዳዳዋ ላይ ሰኩት፣ በታንኩ ሥር አሳልፈው ጫፉን ወንበሩ ሥር ወሸቁት። ሽፋኑን መለሱ። “የሴንሰሩን ማኅተም አልነካሁም። አፍንጫውን ነው ያስረዘምኩት። ይህን የሚከለክል ደንብ ካላቸው ያምጡ።”

አመስግኜ ልሄድ ስል ከለከሉኝ። እዚህ ሙቀት ውስጥ ቢነሳ ምን ይገርማል፣ መድኃኒት ሰጥቶ በሽተኛውን የማያይ ሐኪም ነኝ ወይ አሉ። በሚቀጥለው አርብ ጋቢ ተውሰው ከኋላዬ ተቀመጡና ወጣን።

ግማሽ መንገድ ላይ ወገባቸውን ያሳርፉ ብዬ ቆምኩ። ዳማ በሚኒሞ ጥቂት ተነፈሰ፣ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ድፍት። ዘጠና ስምንት። ደንግጬ አስነሳሁት። ድፍት። ዘጠና ዘጠኝ።

የመንገዱ ዳር ላይ ቁጭ አልኩ። “አለቀ” አልኩ። “አለቀ በቃ፣ እትዬ።” እትዬ ቦጋለችም ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዳማ ላይ ወርደው ቆሙ፣ ወንበሩን አዩ፣ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ጫን አደረጉት፣ ከዚያ ግንባራቸውን መቱ።

“ተቀምጬበታለሁ!” ብለው ጮኹ። “ቱቦው ላይ! ሃምሳ ዓመት ሠርቼ በቂጤ ደፈንኩት! አይ እርጅና! ለማንም እንዳትናገር፣ ምለህ ንገረኝ!”

ማልኩ። ይኸው አሁን ለእናንተ ተናገርኩ። ቱቦውን ከወንበሩ ሥር አውጥተው በጎን በኩል፣ ከባትሪው አጠገብ አሰሩት። ዳማ ተነስቶ የቀረውን መንገድ ወጣልን። እናቴ ደጃፍ ስንደርስ ሚኒሞው ሳይንተፋተፍ ልኩን ይዞ ነበር፤ እኔ ግን አላመንኩትም፣ በቁልፉ አጠፋሁት።

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። እኔን ቀባችኝ። እንግዳዋን ሳመች። ከዚያ ጡጫ የሚያህል ቅቤ አንስታ ዳማ ግንባር ላይ ለጠፈችው። አንድ ብቻ ነው የቀረው! እትዬ ቦጋለችን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጠቀስ አደረጉልኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ እናቴ ቤት ደግሞ ተኝተሃል የሚል ፍራሽ የለም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ጤዛው ወንበሩ ላይ ረግቷል። ቅቤው ዳማ ግንባር ላይ ድንጋይ ሆኗል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ፣ የቅቤ ሳህኗን ይዛ ወጣች። እትዬ ቦጋለች ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ቆሙ። አሁን ከጠፋ ነገ የጭነት መኪናው ይመጣል። እናቴን ለመጨረሻ ጊዜ እንደማያት ሆኜ አየኋት፤ እሷ ምን አገባት፣ አፍንጫዋን በጋቢዋ ጠረገች።

ማስነሻውን ተጫንኩ።

ተነሳ። ከፍ አለ። ዝቅ አለ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ዝቅ ባለበት ቆመ። ቱክ ቱክ ቱክ፣ አንድ ዓይነት። እጄን ከጋዙ ላይ አነሳሁ። እትዬ ቦጋለች ጆሯቸውን አስጠግተው፣ እንደ ሕፃን ትንፋሽ፣ አዳመጡ። አምስት ደቂቃ ቆምን፤ አሥር ደቂቃ ቆምን። ቆጣሪው ዘጠና ዘጠኝ ላይ ነው። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ አለቀስኩ።

“አየህ!” አለች እናቴ፣ ጣቷን ዳማ ላይ ቀስራ። “ያን ሁሉ ቅዳሜ እንቢ ያለው ቅቤ እያሳነስኩበት ነው። ትናንት ደህና አድርጌ ቀባሁት፤ ይኸው ተነሳ!”

ወደ እትዬ ቦጋለች ዞርኩ። ሰባቱን ዲግሪ፣ ካንዴላውን፣ ቱቦውን፣ ያን ሁሉ ያወቁት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ካቻቢቴውን ከሻሻቸው ነቀሉና ኪሳቸው ከተቱት። ሻሻቸውን ፈቱ። ሽበታም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እናቴ ፊት ጎንበስ አሉ።

“እማማ፣” አሉ፣ “ለእኔም እንዳያሳንሱብኝ።”